ለጫልቱ ደጃፍ የሚሆን ውሻ

አምቦ

ከአምቦ የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። የመንገዴ ምክንያት አንድ ውሻ ነበር። ይህን ሲያነብ የሚስቅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በአውቶቡስ አብረውኝ የተጓዙትም ስቀውብኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

የመጀመሪያ ልጄ ጫልቱ ጤና ረዳት ናት። ትምህርቷን እንደጨረሰች ከሸነን ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ክሊኒክ ተመደበች። የምታድረው በዚያው ግቢ፣ በአንዲት ክፍል ቤት፣ ብቻዋን ነው። ከመስቀል በኋላ አንድ ሰው ሌሊት በሯን ሰብሮ ገባ። በዚያች ሌሊት እርሷ ወላድ ልታይ ሌላ መንደር ሄዳ ስለነበር አልተገናኙም። ሰውየው ብርድ ልብሷንና ራዲዮኗን ይዞ ሄደ፤ ማን እንደሆነም አልታወቀም። እናቷ ወሬውን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «ወይ ልጄን አምጣልኝ፣ ወይ የሚጠብቃት ነገር ፈልግላት» አለችኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግቼ፣ ያለ መምህር። እንዲህ የተማረ ሰው ልጁ የጀመረችውን ሥራ ትታ እንድትመለስ አይወድም። ሴት ልጅን በተሰበረ በር ውስጥ መተው ደግሞ የአባት ሥራ አይደለም። በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ ባኮ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዳባ በአውቶቡስ ሾፌር አፍ መልእክት ላከልኝ። ዳባ የአንድ ጀርመናዊ የእርሻ ባለሙያ ሾፌር ነው። መልእክቱም ይህ ነው፤ ጀርመናዊው አገሩ ሊገባ ነው፤ ጥጃ የሚያህል ውሻ አለው፤ ዘሩ የታወቀ ነው፤ አይሸጠውም፣ በደንብ ለሚይዝለት ሰው ይሰጠዋል።

ውሻ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ አውቃለሁ። የሰፈር ውሻ ግን በሰው ሁሉ ላይ ይጮህና ቁራሽ ለወረወረለት ሌባ ጭራውን ይቆላል። እኔ የፈለግሁት አንድ ጌታ ብቻ የሚያውቀውን ነበር። ከቀበሌ መሸኛ ወረቀት አወጣሁና ተሳፈርሁ።

ጉደርና ጌዶ

ጥቅምት ነው፤ ከጉደር ማዶ ኑጉ አብቦ ተዳፋቱን ሁሉ ቢጫ አድርጎታል። ወንዙ ከክረምቱ ውኃ ገና አልጎደለም። ጉደር ላይ አዴ ጂፋሬ የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ሁለት ጆንያ አስጭና አጠገቤ ተቀመጠች። ደንበኛዬ ናት፤ ቀሚሷን የምሰፋላት እኔ ነኝ።

«ኦቦ ነገራ፣ ክርና ቁልፍ ልትገዛ ነው ይህን ያህል መንገድ?» አለችኝ።

«አይደለም። ባኮ ውሻ ላመጣ ነው።»

«ውሻ! አምቦ ውሻ አጣች? እኔ ቤት አራት ቡችላ አለ፣ አንዱን አንጠልጥለህ ሂድ።»

«ዘሩ የታወቀ ነው የምፈልገው።»

«የእኔዎቹስ ዘራቸው መች ጠፋ? እናታቸው የእኔ ናት፣ አባታቸው የመንደሩ ነው።»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም በሩን ይዞ እንደቆመ «አባባ፣ ሲመለሱ የውሻው ትኬት ሙሉ ነው ግማሽ?» አለ። እኔ አልሳቅሁም። ቢሆንም አዴ ጂፋሬ የተናገረችው እውነት ነበር። በእኛ አገር ቡችላ ይለመናል፤ ሰጪውም እንደ ሰጠ፣ ተቀባዩም እንደ ተቀበለ አይቆጥረውም። ለውሻ ብሎ ቀን ሙሉ በአቧራ መንገድ የሚጓዝ ሰው በአካባቢያችን አልታየም። ሊሳቅበት ይገባል።

ጌዶ ስንደርስ ብርዱ ከአጥንት ይገባል። ሻይ በዳቦ ጠጣን፤ ዳቦው የትናንት ነበር። ከጌዶ በኋላ መንገዱ እየወረደ ኢጃጂ ሲደርስ ካፖርቴን አወለቅሁ። ከድርቁ ወዲህ ሰፋሪዎችን የጫኑ መኪኖች ወደ ወለጋ ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። ያን ጊዜ አምቦ ላይ ቆመን ለእነዚያ ሰዎች ቆሎ ስናቀብል እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ዛሬ ሥጋ የሚበላ ውሻ ላመጣ እየሄድሁ ነው። ሐሳቡ ደስ አላለኝም፤ ቢሆንም ከአውቶቡሱ አልወረድሁም።

ባኮ

ባኮ ሙቀት ነው። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ በየደጃፉ እሸት ይጠበሳል። ዳባ ቤት አደርሁና በማግስቱ ጠዋት ወደ ጀርመናዊው ግቢ ሄድን።

ውሻው በረንዳው ላይ ተኝቶ ነበር። ሲነሣ ጀርባው ወገቤ ላይ ደረሰ። ስሙ አርኖ ነው። ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡናማ ነው። አልጮኸም፤ አየን ብቻ። ጌታው አንዲት ቃል ሲናገር ተቀመጠ፣ ሌላ ሲናገር ተጋደመ። ልጆቼ ይህን ያህል ቢታዘዙኝ ብዬ አሰብሁ።

ሰውየው ወንበር ሰጠኝና ይጠይቀኝ ጀመር። ቤቱ አጥር አለው ወይ? ውሻው የት ያድራል? ማን ያበላዋል? ልጄ ዓመሏ እንዴት ነው? ዳባ ይተረጉማል፤ እኔ እመልሳለሁ። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል፤ እኔ ሽማግሌ ሳልይዝ የመጣሁ ሙሽራ መሰልሁ። ቀጥሎ ውሻ መትቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«መትቼ አውቃለሁ በለው» አልሁት ዳባን።

«ኧረ ኦቦ ነገራ፣ ይሄን አልተረጉምም። ይከለክልሃል።»

«ተርጉም። ዋሽቼ የወሰድሁት ውሻ ቤቴን አይጠብቅም።»

ተረጎመ። ጀርመናዊው አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በኋላ ንግግሩ ለዘብ አለ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጥቶም የውሻውን አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ስም አነበበልን። ቅድመ አያቱ ሜዳሊያ ተሸልሟል አለ።

ዳባ ይህን ተርጉሞ ሲያበቃ የራሱን ጨመረ፤ «የእኔም ቅድመ አያት ሃያ ላም ነበረው። ለእኔ ጭራዋም አልደረሰችኝ።»

ስምምነታችን እንዲህ ሆነ። ውሻውን ሸነን ወስጄ እሞክረዋለሁ። ጀርመናዊው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በአምቦ ያልፋል። ካልተስማማን እመልስለታለሁ፤ እርሱም ለጠየቀው ለአንድ የጭልሞ ደን ጠባቂ ይሰጠዋል። ከተስማማን ግን ለዘለቄታው ነው፤ ውሻ ሁለት ጊዜ ጌታ መቀየር አይችልም አለኝ። ምግቡንም ነገረኝ፤ የበቆሎ ገንፎ በአጥንት መረቅ፣ በየቀኑም ትንሽ ሥጋ። የእኔ ልጆች ሥጋ የሚያዩት በበዓል ነው። ይህንንም እንዲተረጉምልኝ ለዳባ ነገርሁት። ሰውየው «እርስዎ ይወስኑ» አለ።

የሚታዘዝባቸውን የጀርመንኛ ቃላት በአማርኛ ፊደል ጻፍሁ። መንገድ ላይ እንደ ዳዊት ደጋግሜ አጠናኋቸው።

ከባኮ ወደ ጉደር

አውቶቡስ ውሻ አይጭንም። ዳባ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አገኘልኝ፤ በቆሎ ጭኗል። ሾፌሩ ውሻውን ባየ ጊዜ ፊቱ በራ። ሒሳብ ልክፈል ስለው አሻፈረኝ አለ። «ኦቦ፣ እርስዎና ውሻዎ ከላይ በጆንያው ላይ ይቀመጡ፤ አየር ያገኛሉ» አለኝ። ደግ ሰው ነው ብዬ አመሰገንሁ።

ጌዶ ኬላ ላይ ፈታሾች መኪናውን አስቆሙ። በዚያ መንገድ የሚፈለገው ቡና እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ፈታሽ መሰላሉን ጨብጦ መውጣት ሲጀምር አርኖ ተነሣና አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ በፊት ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ የተቀመጥሁበት ጆንያ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ፈታሹ ወረደ።

«ምንድን ነው የተጫነው?»

«በቆሎና ውሻ!» አለ ሾፌሩ።

«ሂድ፣ ሂድ!»

ጉደር ስንደርስ ጆንያዎቹ ሲነሡ ከሥር የወጣው ሽታ የበቆሎ አልነበረም። ሾፌሩን አየሁት፤ እርሱም እኔን አየኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ፤ ይህን ውሻ የሚሸጡት ከሆነ በማንኛውም ዋጋ እኔ እወስደዋለሁ» አለኝ። ሰንሰለቱን ይዤ ወረድሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ክንድ ጨርቅ ያልሰረቅሁ ሰው በጆንያ ላይ ተቀምጬ ኮንትሮባንድ አሳልፌያለሁ። ውሻው ግን ጥፋት የለበትም። የተቀመጠበትን ጠበቀ።

ሸነን

ከጉደር ወደ ጥቁር እንጭኒ፣ ከዚያም ወደ ሸነን ጨው በጫነ መኪና ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። የጅባት ተራራ ጉም ለብሶ አልታየም። ጫልቱ ስንመጣ ከግቢው በር ላይ ነበረች።

«አባዬ፣ ይህን አንበሳ ከየት አመጣኸው?»

«ለአንቺ ነው።»

ሳቀች፤ ቀጥሎ ፈራች፤ ማምሻውን ግን አርኖ ራሱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጦ እርሷም ጆሮውን ስታሽ አየሁ። በተጠገነው በር አጠገብ ተኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ አረፈ።

ስለ ግቢው ልናገር፤ በኋላ ለሆነው ያስፈልጋል። ክሊኒኩና የልጄ ቤት በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው፤ መግቢያውም አንድ ነው። ዓርብ ጠዋት ጫልቱ ወደ ሥራዋ ስትገባ «አባዬ፣ ሰንሰለቱን አጠር አድርገህ እሰረው፤ በሽተኛ ይመጣል» አለችኝ። እሺ አልኋት፤ አላሳጠርሁትም። እስከ መግቢያው እንዲደርስ አድርጌ አሰርሁት። ጠባቂነቱን ልፈትን ፈልጌ ነበር።

ከቤቱ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከአጥሩ ማዶ ሰዎች ሲጣሩ ሰማሁ። «ወራ መና! ሰሬ ቀባ!» ይላሉ፤ እናንተ ቤቶች፣ ውሻ ያዙልን ማለት ነው። በአገራችን ውሻ ያለበትን ደጅ ማንም ደፍሮ አይገባም። ከውጭ ይጣራል፤ ባለቤቱ ወጥቶ ይይዝለታል። የሚይዝ ካልወጣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ወይም እንግዳ አይፈለግም። አርኖ ተነሥቶ ግቢውን በድምፁ ሞላው። ጫልቱ ከውስጥ ሕፃናት ትከትባለች፤ ሕፃናቱ ሁሉ ያለቅሳሉ፤ አትሰማም። እኔ ግን እሰማለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ጥቂት ይቆዩ፣ ይደክም እንደሆነ ልየው ብዬ ተቀመጥሁ። ደግመው ተጣሩ። ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታውን የውሻው ድል አድርጌ ቆጠርሁት።

ዝምታውን የሰበረው የሴት ጩኸት ነው። ዞሬ ስሄድ ቃሬዛ ሣር ላይ ተቀምጧል። አንዲት ወጣት ሴት የአጥሩን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ተንበርክካለች። አራት ወንዶች ቆመዋል።

«ለምን አልገባችሁም?» አልሁ።

«ማን ውሻ ይያዝልን?» አለ ባሏ። «ሰው የለም ብለን ወደ ከተማ ልንዞር ስንል ምጧ ጠናባት።»

ያጠናኋቸው የጀርመንኛ ቃላት በሙሉ ጠፉብኝ። ሰንሰለቱን በእጄ ያዝሁና ጎተትሁ፤ መዳፌ ተላጠ። «ጫልቱ!» ብዬ ጮህሁ። መርፌዋን አስቀምጣ ሮጣ መጣች። እኔን አላየችኝም። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አውልቀው ዙሪያውን ጋረዱ። ሕፃኑ እዚያው ሣር ላይ ተወለደ። አላለቀሰም። ጫልቱ አፉን ስትጠርግ፣ እግሩን ስትይዝ፣ ጀርባውን ስታሽ በጋቢዎቹ መካከል ጥላዋን አያለሁ። እኔ ሰንሰለት ይዤ ቆሜያለሁ፤ ውሻውም እግሬ ሥር ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ። ወንዶቹ በአንድ አፍ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ጋቢውን ግን አልለቀቁም።

ከቀትር በኋላ ጫልቱ እጇን ታጥባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሲጣሩ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ተቀመጥህ።»

«ሰንሰለቱን አሳጥረዋለሁ።»

«ድምፁንስ ታሳጥረዋለህ? አባዬ፣ ሌባው በሬን አንድ ቀን ነው የሰበረው። ይሄ በየቀኑ ይዘጋብኛል። ሰው ካልገባ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?»

«እንግዲያ ዕቃሽን እሰሪ። ውሻ ካልፈለግሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ።»

«አልመለስም።»

ከልጆቼ ይህን ቃል ፊት ለፊት የነገረኝ አልነበረም። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። መዳፌ ስለሚያቃጥለኝ እርሱን ሳይ ቁጣው አለፈ። የተናገረችው ትክክል ነበር፤ ትክክለኛ ቃል ደግሞ ከልጅም ቢመጣ ትክክል ነው።

ገበሬ ማኅበሩ

በማግስቱ የወላዷ አማት ኦቦ ቶሌራ ወተት ይዘው ሊያመሰግኑ መጡ። ይወቅሱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልወቀሱም፤ ይህ የበለጠ ከበደኝ። እኔው ጀመርሁ። ሰምቼ እንደተቀመጥሁም፣ ልጄ ብቻዋን የምታድር መሆኗ እንደሚያስጨንቀኝም ነገርኋቸው። «ና» አሉኝና የገበሬ ማኅበሩ ወደሚሰበሰብበት ወሰዱኝ። ጫልቱም ተከተለችን።

ከመሰብሰቢያው አጠገብ የማኅበሩ ሱቅ አለ። ጨው፣ ስኳርና ሳሙና ይሸጥበታል። ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች በተራ ይጠብቁታል። ይህን ሳይ ምላሴን መያዝ አልቻልሁም።

«ለስኳር ዘበኛ አላችሁ» አልኋቸው፤ «ልጆቻችሁን ለምታዋልደው የላችሁም።»

ሊቀመንበሩ «ክሊኒኩ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ይጠብቀው» አለ።

«የቤቴ በር የተሰበረ ጊዜ ነግሬህ ይህንኑ መለስህልኝ» አለች ጫልቱ።

ከኋላ አንድ ሰው «ስኳሩ ከተሰረቀ እኮ ከኪሳችን እንከፍላለን» አለ። እውነቱን ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ቶሌራ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «የልጄ ሚስት ትናንት ሣር ላይ ወለደች። ይህች ልጅ አባቷን ተከትላ ከሄደች የሚቀጥለውን የት ትውለድ? እዚህ በሊቀመንበራችን ጠረጴዛ ላይ?»

ያን ጊዜ ተሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳይወድ ሳቀ። ብዙ ንትርክ ሆነ፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ከተረኞቹ አንዱ ክሊኒኩ ደጅ አግዳሚ ላይ እንዲያድር ተወሰነ። እኔ የሰው ውሳኔ ሲመሽ እንደሚቀዘቅዝ ስለማውቅ አንድ ሌሊት ጨምሬ ቆየሁ። ጠዋት ስወጣ ተረኛው መሣሪያውን ታቅፎ አንቀላፍቷል። ጫልቱ ሻይ አፍልታ ቀሰቀሰችው። አንቀላፍቶ ነበር፤ ቢሆንም እዚያ ነበር።

ወደ ቤት

አርኖን ይዤ ተመለስሁ። ጀርመናዊው በተባለው ቀን አምቦ ደረሰ፤ የጭልሞው ደን ጠባቂም ምናልባት ይደርሰኛል ብሎ ከጊንጪ መጥቶ ይጠብቀው ነበር። ምክንያቱን ስነግረው ጀርመናዊው አልተቀየመም። ደን ጠባቂው ወደ እርሱ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንጨት ሊቆርጥ የሚመጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሻ ይሆነዋል። ውሻው መኪናው ላይ ሲወጣ ወደ እኔ አልዞረም። አልጠበቅሁም።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ። ትልቅ ውሻ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ስለ ውሻው ዘር ከመጠየቁ በፊት በደጁ ማን እንደሚመጣ ይጠይቅ። ውሻው ክፉ አልነበረም፤ እኔ ግን የአንድ ሰው ሌብነት አስፈርቶኝ የአገሩን ሰው ሁሉ ልመልስ ነበር። ምግቡን አስቤያለሁ፣ ሰንሰለቱን አስቤያለሁ፣ ቋንቋውን ሳይቀር አጥንቻለሁ፤ የልጄን ሥራ ግን አላሰብሁም። እርሷንም ሳልጠይቃት ሄድሁ። አባት ነኝ ብሎ ሁሉን አውቃለሁ ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ውሻውስ?»

«ጭልሞ ሄደ።»

«ልጄስ?»

«እዚያው ናት። አልመለስም አለች።»

ሁሉንም ነገርኋት፤ ሰምቼ የተቀመጥሁትንም አልደበቅሁም። ወላዷና ሕፃኑ ደኅና እንደሆኑ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች።

«በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ ሄጄ አያታለሁ» አለች።

«ሂጂ። ከግቢው ስትደርሺ መጣራት አያስፈልግሽም፤ ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ።»

«እኔ የምፈራውም እርሱን ነው» አለች።

«እኔም» አልኋት።